የጎረምሳው እንቁላል

ባሌ ጫማ ሳይገለብጥ ከሰው ጋር አይግባባም። ሥራው ጫማ መጠገን ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው። ደንበኛ ለሰላምታ እጁን ሲዘረጋለት የሱ ዓይን እግር ላይ ነው። ጫማውን ይቀበልና ገልበጥ ያደርገዋል፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያስጠጋዋል፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ሶሉን ያይና ይፈርዳል። «አንተ ወንድሜ፣ ቀኝ ጉልበትህን ያምሃል።» «አንቺ ደግሞ ፎቅ ላይ ነው የተከራየሽው፤ ደረጃ ስትወርጂ ትሮጫለሽ።» የሚያናድደው ብዙውን ጊዜ ልክ መሆኑ ነው። ሰፈርተኛው «ጋሽ ገልብጥ» ብሎ ስም ያወጣለት ለዚህ ነው። በዚህ ስም ሲጠሩት ኮስተር ይላል፤ ውስጡ ግን ደስ ይለዋል፤ እኔን አይሸውደኝም።

የኔንም ጫማ አንድ ቀን ገልብጧል። ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ከሥራ ስመለስ የግራ ታኮዬ ተነቅሎ እያነከስኩ ሱቁ ገባሁ። ገለበጠው፣ አየው፣ ከዚያ «እህቴ፣ አንቺ ወደ ቤትሽ ስትሄጂ አትቸኩዪም» አይለኝም! እውነቱን ነበር። ወላጆቼ ሞተው የምኖረው አክስቴ ጋ ነበር፤ አክስቴ ደግሞ አፏ አያርፍም። በዓመቱ ተጋባን። ከተጋባን ወዲህ ግን ጫማዬን አስነክቼው አላውቅም። «አንዴ አንብበህ አግብተኸኛል፣ ይበቃሃል» ብዬዋለሁ። ጫማዬ ሲቀደድ ገበያው ጫፍ ካለው ሌላ ሰፊ ጋ እወስደዋለሁ። የጫማ ሰፊ ሚስት ጫማዋን በፌስታል ደብቃ ሌላ ሰፊ ጋ ስትሄድ የሚያይ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ።

ይሄን ሁሉ የማወራው ባሌን ላሞግስ አይደለም፤ እሱ ራሱን ማሞገስ አያቅተውም። ይሄ ሶል አይቶ የጉልበት ሕመም የሚያውቅ ሰው አሥራ አንድ ዓመት አብሮን የኖረን ኤሊ በንባቡ ሊገድል ጥቂት ስለቀረው ነው።

ልጅ የለንም። ይህንንም ቶሎ ተናግሬ ልገላገለው። ሃያ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አንዴም አልሆነልንም። በአራተኛው ዓመት ከማን እንደሆነ እንወቀው ተባባልንና ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያዝን። ቀኑ ደርሶ በሩ ላይ ስንደርስ ባሌ ቆም አለና «ዛሬ የሚወሰድ ጫማ አለ፣ ሰዎች ይጠብቁኛል» አለ። እኔን ታክሲ ላይ አሳፍሮ እሱ ወደ ሱቁ ሄደ። ፈርቼ ስለነበር እኔም «ተመስገን» ነው ያልኩት። ከዚያ በኋላ ወሬውን አንስተነው አናውቅም። ሁሉን ነገር የሚገለብጥ ሰው ያንን አንዱን ሳይገለብጥ ተወው።

እኔ ግን በልቤ ፈርጄ ጨርሻለሁ፤ ከኔ ነው። የሱ ታናሽ እህት አምስት ወልዳለች፤ ዘራቸው ወላድ ነው። እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ልንጠይቃት በሄድን ቁጥር እጄን በሁለት እጇ ይዛ ዓይን ዓይኔን እያየች እንባዋ ይመጣ ነበር። አንድ ክፉ ቃል ተናግራኝ አታውቅም። እሱ ነው የባሰው፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ምነው ልጄ ሌላ ባገባ ኖሮ» የምትል ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቤት በወጣሁ ቁጥር ሦስት ቀን ራሴን ያመኛል።

እንዲህ ባለ ቤት ነው እንግዲህ ኤሊው የገባው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሁለት ነገር ይዞ መጣ፤ አንድ ጥንድ ቡትስ ጫማ፣ እና በእርጎ ማሰሮ ውስጥ የክብሪት ቀፎ የምታክል የውሃ ኤሊ። ከጆሮው በኩል ቀይ መስመር አለው። «ጫማዬን ጠግንልኝ፣ ይሄንንም ለአንድ ሳምንት ያዝልኝ» ብሎ ሄደ። ይኸው አሥራ አንድ ዓመቱ፤ ጫማውም ኤሊውም እኛ ጋ ናቸው።

ባሌ ሹፌሩ እንደወጣ ምን እንዳደረገ መንገር አያስፈልገኝም። ገለበጠው። ሆዱ ለጥ ያለ ነው፤ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ሶል በሉት። ኤሊው አራት እግሩን አየር ላይ ያራግጣል። «ይሄ ገና መንገድ ያልጀመረ ነው። ደግሞ እንዴት እንደሚራገጥ አየሽው? ወንድ ነው፣ ጎረምሳ!» አለ። በዚያው «ጎረምሳው» ሆኖ ቀረ። እኔም የኤሊ ነገር ምን አውቄ፣ እሺ አልኩ። እስከ ጉዱ ድረስ እኔም «እሱ» እያልኩ ልቀጥል።

መጀመሪያ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ አኖርነው። ሲያድግ ባሌ የአንድ ዳቦ ቤት ማሳያ የነበረ የመስታወት ሣጥን ገዝቶ፣ ስንጥቁን በጫማ ማስቲሽ ደፍኖ፣ ገንዳ ሠራለት። መሐሉ ላይ ወጥቶ የሚሞቅበት ጡብ አለ፤ ከላይ የባሌ የሥራ አምፑል ተንጠልጥሏል። ጎረምሳው እዚያ ጡብ ላይ ወጥቶ አንገቱን መዝዞ፣ የኋላ እግሮቹን እንደ ጌታ ዘርግቶ፣ ባሌ መዶሻ ሲመታ ያዳምጣል። ጠዋት ጠዋት «ምነው አረፈድክ» የሚል ይመስል ወደ ኩሽናው በር ያያል። ጎመን ቀጥፌ እስክሰጠው ቀልቡ አይረጋም። እውነቱን ልናገር፤ ልጄ ነበር። አፌን ሞልቼ አልለውም እንጂ ልጄ ነበር።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ የባሌ እህት በባልዲ ሌላ ኤሊ ይዛ መጣች። ልጆቿ አንድ ቀን ጀርባውን በጥፍር ቀለም ይቀቡታል፣ አንድ ቀን በአሻንጉሊት መኪና ላይ ጭነው ደረጃ ያወርዱታል።

«ጋሼ፣ እናንተ ጋ ይቀመጥልኝ። የኔ ቤት ጦር ሜዳ ነው። የእናንተማ ጸጥ ያለ ነው፣ ልጅ የለ ምን የለ» አለች። ተንኮል የላትም፤ አፏ ነው የሚቀድማት። እኔ ግን ያቺ «ልጅ የለ ምን የለ» ጎኔን ጠቅ አደረገችኝና ጎመን ልቀጥፍ ወደ ኩሽና ገባሁ።

ስመለስ ባሌ ባለቀዩን ጥፍር ቀለም ኤሊ በጀርባው አስተኝቶ መነጽሩን ሰክቷል። እህቱ በአድናቆት ታየዋለች።

«ይሄ ሰውዬ» አለ ባሌ፣ «በጣም የሄደ ነው። ሆዱን እይው፣ መሐሉ ጎድጉዷል። ሶሉ አልቋል። ሽማግሌ ነው።»

«ከጎረምሳው ያንሳል እኮ» አልኩ።

«ሰው ሲያረጅ አይኮማተርም?»

«ጥፍሩስ? የፊት ጥፍሮቹ ምን አባታቸው እንዲህ አስረዘማቸው?»

«የሚቆርጥለት አጥቶ ነዋ። ሽማግሌን ማን ያየዋል።»

«ጭራውስ? የጎረምሳው ቀጭንና አጭር ነው፤ የዚህ ረጅም፣ ያውም ከሥሩ ወፍራም።»

«ዕድሜ ነው» አለ ባሌ፤ ነገሩ አለቀ።

እኔ እንኳ ለሁለት ሦስት ቀን በየሳፋቸው ይቆዩና ይተያዩ ብዬ ነበር። እሱ ግን «አባት ያጣ ልጅ አባት አገኘ» ብሎ እዚያው አንድ ገንዳ ውስጥ ከተተው።

የመጀመሪያው ሳምንት ለማየት ያስቅ ነበር። ሽማግሌው ወደ ጎረምሳው ፊት ለፊት እየዋኘ ይመጣል፤ ሁለት የፊት እጆቹን ይዘረጋና እነዚያን ረጃጅም ጥፍሮች ጎረምሳው ጉንጭ ላይ ያርገበግባቸዋል። ጎረምሳው ዞር ይላል። ሽማግሌው ዞሮ ይመጣል፣ እንደገና ያርገበግባል።

«ምን እያደረገ ነው?» አልኩ።

«ይመክረዋል» አለ ባሌ።

ደንበኞችን ሁሉ እየጠራ አሳየ። «ኑ፣ ሽማግሌው ልጁን ሲመክር እዩ!» አንድ ጡረተኛ መምህር መቶ አለቃ እንደሚያይ ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ ካየ በኋላ «እኛም እንዲህ ነበር የተመከርነው» ብሎ ሄደ። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ስቄያለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ምክሩ በዛ። ሽማግሌው ከኋላ ይከተላል፣ አንገት ይነክሳል፣ ጀርባ ላይ ልውጣ ይላል። «ይሄ ምን ዓይነት አባት ነው?» ስለው «ይቀጣዋል፤ ሳይቀጡ የት ይደጋል» አለ። ጎረምሳው ጡብ ላይ መውጣት ተወ። ከአምፑሉ ራቅ ብሎ ጥግ ይወሸቃል። ከዚያ ጭራሽ መውጣት ጀመረ። እንዴት እንደሚወጣ እግዜር ይወቅ፤ ብቻ የገንዳውን ጠርዝ ተቧጥጦ ይወድቅና ሱቁን ያስሳል። አንድ ቀን ከሴት ቡትስ ውስጥ አወጣነው። አንድ ቀን የቆዳ ቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ገብቶ በኋላ እግሮቹ ይቆፍራል።

«ጎረምሳ ነው፣ ከቤት መውጣት አማረው» አለ ባሌ። ተቀመጠና ከአሮጌ ሶል አጥር ሰፋለት። እንዴት ያለ አጥር! በወስፌ እየበሳ፣ ድርብ ክር እየጎተተ፣ አንድ ቀን ሙሉ የሰው ጫማ ትቶ ሰፋው። ለአጥሩ ማማር ብቻ ሽልማት ይገባዋል። ጎረምሳው ከዚያ በኋላ መውጣት አልቻለም።

በሦስተኛው ሳምንት ጎመኑን ተወ። ከጣቴ ላይ የሚነጥቀውን ቅጠል አፍንጫው ሥር ባደርግለት ዓይኑን ጨፍኖ ዝም አለ። አንገቱ ላይ የተነከሰው ቆስሏል። አንድ ቀን ጠበቅኩ፣ ሁለት ቀን ጠበቅኩ። በሦስተኛው ጠዋት ከውሃ ሳወጣው ራሱን እንኳ ወደ ውስጥ አልሰበሰበም፤ እጄ ላይ ልፍስፍስ አለ። ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ስወጣ ሳፋውን ይዣለሁ።

«የት ነው?» አለ ባሌ፣ ሚስማር በከንፈሩ ይዞ።

«የእንስሳት ሐኪም ጋ።»

«ቁጣው ሲበርድለት ይበላል እኮ። ጎረምሳ ሲያኮርፍ…»

«አንተ ሰውዬ!» አልኩት። «አሥራ አንድ ዓመት ያሳደግነው ነው። አንተ የፈለግከውን ሶል አንብብ፤ ይሄ ግን ዛሬ ቢሞትብኝ ዓይንህን አላይም።» እንደዚያ ጮኼበት አላውቅም። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ፣ ሱቁን ቆለፈ፣ ሳፋውን ከእጄ ተቀበለኝ።

ሐኪሟ ገና ልጅ ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጠፍራ፣ ነጭ ካፖርቷ ላይ የድመት ፀጉር ሞልቷል። ጎረምሳውን አነሳችው፣ ዓይኑን አየች፣ ቁስሉን አየች፣ ከዚያ ገለበጠችው። ባሌ በኩራት ክርኔን ነካ አደረገኝ፤ «አየሽ፣ ባለሙያ ሲሆን ይገለብጣል» ማለቱ ነው።

«ስንት ዓመቷ ነው?» አለች።

«አሥራ አንዱ» አለ ባሌ። «ግን ወንድ ነው።»

«ማነው ወንድ ነው ያለዎት አባባ?»

«እኔ ነኛ።»

«በምን አወቁ?»

ባሌ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሶሉን አይቼ።»

ልጅቷ አፏን በእጅጌዋ ሸፈን አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ አስረዳችን። ይቺ ሴት ናት፤ ጭራዋ አጭርና ቀጭን ነው፣ የፊት ጥፍሯ አጭር ነው፣ ሆዷ ለጥ ያለ ነው። እንደዚህ ዓይነቶቹ ላይ ሴቷ ናት በአካል የምትተልቀው። «ሌላ ኤሊ አብሯት አለ?» ብላ ጠየቀች።

ባሌ ስለ ሽማግሌው ነገራት። ጎድጓዳ ሆዱን፣ ረጅም ጥፍሩን፣ ከሥሩ ወፍራም የሆነውን ጭራውን፣ ምክሩን። ባወራ ቁጥር ልጅቷ ፊት ላይ ሳቅ እየመጣ፣ ጭራሽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ አንድም ምልክት አላመለጠዎትም እኮ! ያዩት በሙሉ ወንድ ነኝ እያለ ነው። እርስዎ ሽማግሌ ነኝ ያለ መሰለዎት።»

«ታዲያ ሆዱ ለምን ጎደጎደ? ሳያልቅ?»

ሐኪሟ ወደኔ ዞር አለች። «እማማ፣ እርስዎ ይንገሯቸው።»

ለአፍታ ግራ ገባኝ፤ ከዚያ ሽማግሌው ጀርባዋ ላይ ልውጣ ማለቱ ትዝ አለኝና ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እንዳይንሸራተት ነዋ!» አልኩት። ባሌ ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ ጣሪያውን በጥሞና ማጥናት ጀመረ። ጆሮው ቲማቲም መስሏል። በጥፍር ማርገብገቡም ምክር ሳይሆን ልመና እንደነበር ልጅቷ ነገረችን። ያ ሁሉ ደንበኛ፣ ያ ጡረተኛ መምህር፣ ተጠርቶ ያየው እሱን ነው።

ሳቃችን ግን ብዙ አልቆየም። ሐኪሟ ጣቷን ከኤሊዋ የኋላ እግር ፊት ባለው ለስላሳ ሥጋ ላይ ቀስ ብላ ከተት አድርጋ ጫን ጫን አለች፤ ፊቷም ተለወጠ።

«እንቁላል ይዛለች። ብዙ ነው። ኤሊ ውሃ ውስጥ አትጥልም፤ መሬት ላይ አሸዋ ቆፍራ ነው የምትጥለው። ስትወጣ ስትቆፍር አላያችሁም?»

ባሌ አጥሩ ትዝ ብሎት መሆን አለበት፣ ወደ መሬት አየ።

«ቦታ ስላጣች ይዛው ቆይታለች። ወንዱ ደግሞ እረፍት ነስቷታል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጠባብ ቦታ ላይ አይዘጉባቸውም፤ ያደክማታል፣ ይነክሳታል። ሁለቱም ወንድ ቢሆኑ ኖሮም ይጣሉ ነበር። ኤሊ አባትና ልጅ የሚባል ነገር አያውቅም። ለየብቻ አድርጓቸው፣ ዛሬውኑ። ለሷ ጥልቅ ሣጥን፣ እርጥብ አሸዋ፣ ሙቀት፣ ጸጥታ። መርፌ እሰጣታለሁ። እስከ ሦስት ቀን ካልጣለች ግን መልሳችሁ አምጧት፤ ያኔ ቀዶ ጥገና ነው፣ በዚህ ድካሟ ደግሞ መትረፏን ቃል አልገባላችሁም።»

መንገድ ላይ ባሌ ሳፋውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣ ጉድጓድ ባየ ቁጥር ዞሮ እያለፈ፣ እንደ ሙሉ የሾርባ ሳህን ተሸክሟት ሄደ። ቤት ስንደርስ ሽማግሌውን ባልዲ ውስጥ ብቻውን አሰረው፤ «አንተ ባለጌ» ሲለው ሰማሁ። ከዚያ ሱቁ ጥግ ያለውን ትልቁን የእንጨት ሣጥን ጎተተ። ባለቤቶቻቸው መጥተው ያልወሰዷቸው ጫማዎች ያሉበት ነው። ሹፌሩ ሲመለስ ብሎ አሥራ አንድ ዓመት ቀለም እየቀባ ያስቀመጠለትን ቡትስ ሳይቀር መሬት ላይ ዘረገፈው። ጎረቤት ቤት ከሚሠሩት ግንበኞች አሸዋ ለምኖ በወንፊት ነፋው፤ ጠጠር እንዳይወጋት ነው። ውሃ አርከፈከፈ፣ በእጁ እየጨበጠ እርጥበቱን ለካ፣ አምፑሉን ፈትቶ ከላይ ሰቀለ። አጥሩን ደግሞ፣ ያንን ሸጋ አጥር፣ በምላጭ ቆራርጦ ጣለው።

በሩ ላይ «ለሦስት ቀን ተዘግቷል» ብሎ ለጠፈ። መዶሻ እንዳይሰማ። ሠላሳ ዓመት ለእናቱ ለቅሶ ካልሆነ ሙሉ ቀን ዘግቶት የማያውቀውን ሱቅ። ደንበኛ በሩን ሲያንኳኳ በመስኮት ብቅ ብሎ ጣቱን ከንፈሩ ላይ ያደርጋል። «ምን ሆናችሁ? ሰው ታመመ?» ይላሉ። «ወሊድ አለብን» ይላቸዋል። የኔን ዕድሜ የሚያውቅ ሁሉ ግራ ገብቶት ይሄዳል።

የመጀመሪያው ቀን ምንም። አሸዋው ላይ ተጋድማ ዋለች። ሁለተኛው ቀን ትንሽ ጫረችና ተወችው። ባሌ ወንበሩን ሳበና አጠገቧ ተቀምጦ «እኔን ነው መቅጣት፣ አንቺ ምን አደረግሽ» ይላታል። ልሰድበው ፈልጌ ነበር፤ ሆድ ባሰኝና ሻይ አቀረብኩለት።

ሦስተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ሲሆን፣ ኩሽና ሆኜ በሹክሹክታ ሲጠራኝ ሰማሁ። በጣቴ ጫፍ ሄድኩ። ጎረምሳው ጀርባዋን ሰጥታናለች። በኋላ እግሮቿ፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ፣ አሸዋውን እያፈሰች ወደ ውጭ ታወጣለች። ታርፋለች፤ ትቀጥላለች። ከዚያ ጭራዋ ወደ ጉድጓዱ ዝቅ አለ፣ አንድ ነጭ ነገር ጠብ አለ። ባሌ እጄን ያዘኝ። አንድ። ሁለት። ሦስት። በየመሐሉ አሥር ደቂቃ የምታርፍ መስሎኝ ነበር፤ ምናልባት አንድ ደቂቃም አይሆን። ዘጠኝ እንቁላል ሲሞላ በእግሮቿ አሸዋውን መልሳ አለበሰችው፣ ቸብ ቸብ አደረገችው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ዞራ ወደ ኩሽናው በር አየች። ጎመን ነው የፈለገችው። እያለቀስኩ ቀጠፍኩላት።

ቅዳሜ ከሰዓት የባሌ እህት ኤሊዋን ልትወስድ መጣች። ሐኪሟ እንዳለችው ለየብቻ እንዲኖሩ ተስማምተናል፤ ልጆቹም እጃቸውን እንዲሰበስቡ ተነግሯቸዋል። ታሪኩን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ዕድል ለማን ይተዋል? ምክሩን ነገርኳት፣ ሶሉን ነገርኳት፣ እንዳይንሸራተት የሚለውን ሁለት ጊዜ ነገርኳት። ባሌ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የሰው ጫማ ውስጥ ሊገባ ምንም አልቀረውም።

«ወይኔ ጋሼ!» አለች እህቱ እንባዋን እየጠረገች። «ወንድና ሴት መለየት አቃተህ!»

«ሠላሳ ዓመት ገልብጦ ገልብጦ!» አልኩ እኔ።

ከዚያ ወደ አሸዋው ሣጥን ጎንበስ ብላ አየች፤ ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ። ወደኔ መጣችና እጄን በሁለት እጇ ያዘችው። ልክ እንደ እናቷ። ደነገጥኩ።

«እትዬ፣ አንቺ ግን ከልብሽ ጥሩ ሰው ነሽ» አለችኝ።

«አንቺ፣ ኤሊሽን ያዥና ሂጂ፣ ልጆችሽ ይጠብቁሻል» አለ ባሌ።

«ተወኝ ጋሼ። እማዬ እንደሆነች ሄዳለች፤ እስከ መቼ እንደማላውቅ እሆናለሁ?» አለችና ወደኔ ዞረች። «እማዬ እስክትሞት ድረስ ስትመርቅሽ ነው የኖረችው። ‹ልጄ እንደማይወልድ ሐኪም ነግሮት እንኳን ጥላው አልሄደችም፤ እኔ ብሆን አላደርገውም› ትል ነበር። አንቺን ባየች ቁጥር የምታለቅሰው እኮ ለዚያ ነው። እንዳናነሳብሽ ደግሞ አስምሎናል።»

«ማን ነው እንደዚያ የነገራት?» አልኩ።

«ራሱ ነዋ። ሐኪም ቤት የሄዳችሁ ዕለት። ከዚያ በቀጥታ እማዬ ጋ መጣና ‹ከኔ ነው፣ እሷን በክፉ የሚያያት ሰው ከኔ ጋር አይነጋገርም› አላት። እኔ ልብስ እያጠብኩ ነበር፣ በጆሮዬ ነው የሰማሁት።»

ባልዲዋን ይዛ ሄደች። ያቺ ሴት ሃያ ዓመት ሙሉ እጄን ይዛ ስታመሰግነኝ፣ እኔ ስትረግመኝ እየመሰለኝ ከቤቷ ስሸሽ ኖሬአለሁ። በባሌ የምስቀው በምን ፊቴ ነው? በጣም አፈርኩ። ደግሞ ደስ አለኝ። ሁለቱ ባንድ ላይ መጡብኝ።

ባሌ ቀና አላለም። የአንድ ሰው ጫማ ገልብጦ ወስፌ ይፈልጋል፤ ወስፌው እጁ ላይ ነው።

«ሐኪሙ ጋ ብቻህን ተመልሰህ ነበር?» አልኩት።

«የት ተመልሼ። አብረን አይደል ከበር የዞርነው።»

«ታዲያ ካንተ እንደሆነ በምን አወቅክ?»

«መቼ አወቅኩ።»

«ሳትገለብጥ ነው የፈረድከው?»

ወስፌውን አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው። «አንዳችን መሸከማችን ላይቀር» አለ በመጨረሻ። «አንቺ የሚቆምልሽ ወገን የለሽም። በኔ የምትፈርደው እናቴ ናት፤ ልጇን የት ትጥለዋለች? ብንመረመርና ካንቺ ነው ቢሉስ ኖሮ? ያን ወረቀት የት አደርገዋለሁ?»

«ግን ተሳስተህ ቢሆንስ?»

«በኤሊዋስ ተሳስቼ የለ» አለ። «ምን ሆንኩ?»

ጎረምሳው ወደ ገንዳዋ በተመለሰው አምፑል ሥር ጡቧ ላይ ወጥታ እግሮቿን ዘርግታለች። ባሌ አጠገብ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊት ከተላቀቀ ወር አልፎታል፤ ሰኞ በፌስታል አድርጌ ገበያው ጫፍ ልወስደው ነበር። አወለቅኩና ጭኑ ላይ አኖርኩት።

«ገልብጠው» አልኩት።

መነጽሩን አወረደ። ገለበጠው፣ ወደ መስኮቱ አስጠጋው፣ አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ብዙ ቆየ።

«እህ፣ ምን ይላል?» አልኩት።

«ማስቲሽ ይፈልጋል» አለና ቆርቆሮውን ከፈተ።